ዋሻ ነዋሪዋ ሸረሪትና የማይደገፉበት ቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በቅዱሳት መጻሕፍት የሸረሪት ድር የሚነሣው የደካማ ነገር ምሳሌ ሆኖ ነው። በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 8 በልዳዶስ እግዚአብሔርን የሚረሳ ሰው መታመኛው የሸረሪት ቤት እንደሆነ፣ ቢደገፍበትም እንደማይቆምለት ይናገራል። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 59 የዓመፀኞች ድር ልብስ እንደማይሆናቸው ያስተምራል። በመዝሙር 89 ደግሞ አጭሩ ዘመናችን በሸረሪት ድር ተመስሏል። ወላጆቻችን ግን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። ታዲያ ድር ደካማ ነው ወይስ ብርቱ? ለዚህ መልስ ከሸረሪቶች ሁሉ ይልቅ በጨለማ የሚኖሩትን ማየት ይጠቅመናል።

ሊቃውንት ኔስቲሲዴ ብለው የሚጠሩት የሸረሪት ቤተሰብ ከ200 በላይ ዓይነቶች አሉት። አብዛኞቹ በዋሻ፣ በምድር ቤትና እርጥበት ባለበት ጨለማ ስፍራ ይኖራሉ። የአካላቸው ርዝመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን እግሮቻቸው ግን ረጃጅም ናቸው። ከዋሻ ውስጥ ከቶ የማይወጡት መልካቸው የገረጣ ነው፤ ዓይናቸው እጅግ ያነሰ፣ ጨርሶም የጠፋ አለ። ብርሃን በሌለበት ስፍራ ዓለማቸውን የሚያውቁት በክሮቻቸው ንቅናቄ ነው።

ድራቸው በደጅ እንደምናየው የተስተካከለ ክብ አይደለም። ሸረሪቷ ክሮቿን ከድንጋይ ወደ ድንጋይ አዘበራርቃ ትወጥርና ከሥር ተገልብጣ ትንጠለጠላለች። ከዚያ የሚጣበቅ ፈሳሽ የያዙ ክሮችን ወደ ታች ትዘረጋለች። በዚያ የሚያልፍ ተባይ ሲነካቸው ይያዛል፤ እርሷም በኋላ እግሮቿ ጫፍ ባሉት እንደ ማበጠሪያ በተደረደሩ ጸጉሮች እየሳበች የሚጣበቅ ክር ትጠቀልልበታለች። እናቲቱ የእንቁላሏን ከረጢት ከሆዷ ጫፍ ጋር አጣብቃ በሄደችበት ሁሉ ትሸከመዋለች። ምግብ በሚጠፋበት ጨለማ እንኳ አትጥለውም።

እንግዲህ ድሩ ለተፈጠረበት ሥራ ብርቱ ነው፤ ሲሳይን ይይዛል፣ ባለቤቱንም ይሸከማል። ሰው ግን ሊደገፍበትም ሊለብሰውም አይችልም። መጽሐፍ ቅዱስ የነቀፈው ሸረሪቷን ሳይሆን እምነቱን በማይሸከመው ነገር ላይ የጣለውን ሰው ነው። በሀብቱ፣ በዘመዱ ሥልጣን፣ ይልቁንም በክታብና በጠንቋይ ቃል ተማምኖ ከንስሓ የራቀ ሁሉ የበልዳዶስ ንግግር ይመለከተዋል። በልዳዶስ ኢዮብን በመጠርጠሩ ተሳስቷል፤ ምሳሌው ግን እውነት ነው።

ከዚህ ቤተሰብ በደቡብ አውሮፓ ዋሻዎች የምትገኘውን አንዷን ፈረንሳዊው የሸረሪት ሊቅ ኤውዤን ሲሞን በ1880 እ.ኤ.አ. «ኤሬሚታ» ብሎ ሰየማት፤ ባሕታዊት እንደ ማለት ነው። ስሙ ደስ ያሰኛል፤ ዋሻ ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ያደረበት፣ ብዙ ቅዱሳንም የተጋደሉበት ስፍራ ነውና። ሆኖም ምስጋናውን ከልክ ማሳለፍ አይገባም። ባሕታዊ ዓለምን የሚተወው ስለ እግዚአብሔር ፍቅር በፈቃዱ ነው፤ ሸረሪቷ ግን በጨለማ የምትኖረው ተፈጥሮዋ ስለሆነ ነው፤ ተጋድሎም ዋጋም የላትም። እርሷም ብትሆን ግን በዕለተ ዓርብ ምድር በቃሉ ታዝዛ ካስገኘቻቸው ፍጥረታት ወገን ናት፤ ያም መልካም ተብሏል።

ከእነዚህ ሸረሪቶች አንዳንዶቹ በመላው ዓለም በአንድ ዋሻ ወይም በጥቂት አጎራባች ዋሻዎች ብቻ ይገኛሉ። ዋሻው የቆሻሻ መጣያ ቢሆን ወይም የሚያርሰው ውኃ ቢበከል ያ ዓይነት ከምድር ሁሉ ይጠፋል። አዳም በገነት እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት የተሰጠው ትእዛዝ በዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ተጽፏል፤ በጸሎትም ሆነ በጉብኝት ወደ ዋሻ የምንገባ ምእመናን ፕላስቲክና የሻማ ቅሬታ ይዘን እንድንወጣ የምናሳስበው ስለዚህ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።