ድንጋይዋን ከየት አመጣሃት?

በራዲዮ የሰማችሁት ንግግር አሁን በእጃችሁ በያዛችሁት ወረቀት ላይ ቃል በቃል ሰፍሯል። ቀስ እያላችሁ አንብቡት። የከበዳችሁ ቃል ካለ አስምሩበትና ለጎረቤት አሳዩት። እኛም ማንበብ የተማርነው እንዲሁ እየጠየቅን ነው።

የዛሬው ጉዳያችን ቤተ መዘክርና ታሪካዊ ቦታን ስለ መጎብኘት ነው። ቤተ መዘክር ማለት የጥንት ነገር ተሰብስቦ፣ ተጠብቆ፣ ስሙም ተጽፎበት ለሕዝብ የሚታይበት ቤት ነው። ብዙ ሰው ሙዚየም ይለዋል። ታሪካዊ ቦታ ደግሞ ቤት ላይኖረው ይችላል። ሜዳ ሊሆን ይችላል፤ የወንዝ ዳር ሊሆን ይችላል።

ነገሩን ከራሴ ስሕተት ልጀምር።

እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። በቡታጅራ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ቀን ልጆችን፣ ማታ ጎልማሶችን አስተምራለሁ። በማታው ክፍል ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት እንዳይበርብኝ የማስቀምጣት አንዲት ጥቁር ድንጋይ ነበረች። እንደ ጠርሙስ ታብረቀርቃለች፤ ጫፏም ስለታም ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ሳለሁ ለጉብኝት ወጥተን በኪሴ ይዣት የመጣሁ ነች።

አንድ ማታ ከተማሪዎቼ አንዱ፣ ቆዳ በማልፋት የሚተዳደሩ አዛውንት፣ ድንጋይዋን አነሡና በአውራ ጣታቸው ጠርዟን ዳሰሱ። ወዲያው፣ «ይቺ መፋቂያ ናት፤ ሰው የሠራት ናት» አሉ። ከዚያም ቀና ብለው፣ «አስተማሪ፣ ከየት አመጣሃት?» ብለው ጠየቁኝ።

«ከመልካ ቁንጡሬ፣ አባባ» አልኳቸው።

«እሱንማ አገር ያውቀዋል። ከየትኛው ቦታ? ከወንዙ ዳር ነው ወይስ ከላይ ከባልጭት?»

መልስ አልነበረኝም። ያን ቀን ሁለቱንም ቦታ ዞረናል። የትኛው ላይ ጎንበስ ብዬ እንዳነሣኋት ጨርሶ አላስታውስም። አዛውንቱ ምንም ሳይሉ ድንጋይዋን ጠረጴዛው ላይ መለሷት።

ከዚያ በኋላ ክፍላችን ተማከረ። ገንዘብ አዋጣን፤ አንድ ቅዳሜ ቀጠርን፤ ሚኒባስ ተኮናተርን። «ሙዚየም የፈረንጅና የተማሪ ነገር ነው፤ እኛን ማን ያስገባናል?» ያሉም ነበሩ። ይህን ቃል ከብዙ ሰው አፍ ስለምሰማው እዚህ ላይ ልመልስ። በር ላይ ትኬት ይቆረጣል። የአገር ሰው የሚከፍለው ከውጭ አገር ሰው ያነሰ ነው። ጫማህ የጭቃ ነው፣ ነጠላሽ ያረጀ ነው የሚል ሰው አላጋጠመንም።

አሁን ወደ ቦታው እንሂድ።

መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር ይገኛል። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ቦታው የጥንት ሰው መኖሪያ መሆኑ ለሳይንስ የታወቀው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ነው። የውሃ ጉዳይ የሚያጠና ጄራርድ ዴከር የተባለ የሆላንድ ሰው በወንዙ ዳር የድንጋይ መሣሪያዎችን አየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዣን ሻቫዮን የተባለ ፈረንሳዊ ቁፋሮ ጀመረ። ከእሱ በኋላም የጣሊያን ተመራማሪዎች ቀጠሉበት።

የሚታየው ነገር በክብ ጎጆ ቅርጽ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ተደርድሯል። የድንጋይ መጥረቢያ አለ፤ የእንስሳት አጥንት አለ። ከጎጆዎቹ ራቅ ብሎ ደግሞ ቁፋሮው ራሱ ጣራ ተሠርቶለት እንዳለ ተትቷል። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው። አጥንቱና ድንጋዩ ከመሬት ሳይነሡ፣ ሰዎቹ ጥለዋቸው በሄዱበት ቦታ ላይ ይታያሉ።

አንዲት ተማሪዬ፣ «ይህ ሁሉ ዓመት መሆኑ በምን ታወቀ? ማን ቆጠረው?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። አስጎብኚው የመለሰላትን እኔ በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ።

አዋሽ በየጊዜው ይሞላል። ሲሞላ አሸዋና ደለል ያመጣና የነበረውን ይሸፍናል። በአካባቢው ደግሞ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ይፈነዳ ነበር። እሳተ ገሞራ ማለት ከምድር ሆድ የሚወጣ እሳትና አመድ ነው። አመዱ ይዘንብና በደለሉ ላይ ይተኛል። ከዚያ እንደገና ደለል፣ እንደገና አመድ ይመጣል። እንዲህ እያለ አፈሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ላይ ይነባበራል። ከታች ያለው ገጽ የቆየው ነው፤ ከላይ ያለው የቅርቡ ነው።

የአመዱ ዕድሜ ደግሞ ይለካል። በአመዱ ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ነገር አለ። ከእሱ ጥቂቱ በጣም በዝግታ፣ ግን በታወቀ ፍጥነት፣ አርገን ወደሚባል አየር ይለወጣል። ጧፍ አብርታችሁ ብትተዉት፣ ምን ያህሉ እንደነደደ አይቶ መቼ እንደበራ የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋም። ሊቃውንቱም በአመዱ ላይ የሚያደርጉት እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ከሁለት የአመድ ገጾች መካከል አንድ መጥረቢያ ቢገኝ፣ ከታችኛው አመድ በኋላ፣ ከላይኛው አመድ በፊት የተጣለ ነው ማለት ነው።

በዚህ ዘዴ የታወቀውን ስሙ። በመልካ ቁንጡሬ የአንድ ሕፃን መንጋጋ ተገኝቷል። ዕድሜው 2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ሕፃኑ ሆሞ ኤሬክተስ ከሚባለው ከጥንቱ የሰው ዓይነት መሆኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል። እንግዲህ ሰው ያኔም ደጋውን ለምዶት ነበር።

ሌላም አለ፤ እኔን ያስደነቀኝ እሱ ነው። ጎምቦሬ በሚባለው የቁፋሮ ቦታ 700,000 ዓመት ያለፈው የሰው ዱካ ተገኝቷል። በጭቃ ላይ የተረገጠ እግር ነው። አመዱ ሸፍኖ አቆየው። በዚያው ቦታ ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ ይሠሩ፣ የጉማሬ ሥጋ ይበልቱ ነበር። ከዱካዎቹ መካከል የሕፃናት ዱካ አለ፤ ገና መራመድ የጀመሩ የሚመስሉ ጭምር። ይህን ስንሰማ ልጅዋን አዝላ የመጣች ተማሪያችን ሳቀችና፣ «ያኔም እናት ሥራ ስትሠራ ልጁ ከእግሯ አይርቅም ነበር በሉኛ!» አለች። አስጎብኚው ከዚህ የተሻለ አልተናገረም ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ደረስን። ስሙ ባልጩት ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው ፈሳሽ ቶሎ ሲቀዘቅዝ እንደ መስተዋት ይሆናል፤ ባልጩት ያ ነው። በአቅራቢያው ያለው የባልጭት መንደርም ስሙ ከዚህ ድንጋይ ጋር የተያያዘ ነው። የጥንት ሰው ድንጋዩን በድንጋይ እየመታ ስለት ያወጣበት ነበር። ስለቱ ከብረት ምላጭ አያንስም።

አስጎብኚው መፋቂያውን አሳየንና ለምን እንደሚያገለግል ሊነግረን ጀመረ። አዛውንቱ ተማሪዬ ፈቃድ ጠየቁና ቃሉን ተቀበሉት። መፋቂያው በእንጨት እጀታ ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ፣ ቆዳው በምን በኩል እንደሚፋቅ፣ ስለቱ ሲደንዝ ጠርዙ እንዴት እንደገና እንደሚሳል በእጃቸው እያሳዩ አስረዱ። አባታቸው በባልጩት ይፍቁ ነበር። በደቡቡ የአገራችን ክፍል በዚህ ሙያ የኖሩ ሰዎች ባልጩትን እስከ ቅርብ ጊዜ ይሠሩበት እንደነበር ሊቃውንትም ጽፈዋል። አስጎብኚው ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በማታው ክፍላችን እኚህ ሰው ሁልጊዜ ከኋላ፣ ለብቻቸው ነበር የሚቀመጡት። ማንም ሂዱ አላላቸውም። ግን ቆዳ የሚያለፋ ሰው በአገራችን ሲናቅ ስለኖረ፣ ከጎናቸው የሚቀመጥ አልነበረም። ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ በግራም በቀኝም ሰው ነበራቸው።

ድንጋይዋን ለአስጎብኚው ሰጠሁት። አገላብጦ አያትና ልክ እንደ አዛውንቱ ጠየቀኝ፦ «ከየት ነው ያነሧት?» አላውቅም አልኩት። ድንጋይዋ መፋቂያ መሆኗን አረጋገጠልኝ። ዕድሜዋን ግን ሊነግረኝ አልቻለም። ለምን? ከገጿ ስለወጣች ነዋ! ከየትኛው አመድ በላይ፣ ከየትኛው በታች፣ ከየትኛው አጥንት አጠገብ እንደነበረች የሚመሰክር የለም። ከመጽሐፍ ውስጥ አንድ ቃል ቀዳችሁ ብታወጡ ቃሉ ይነበባል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ጠፍቷል። እኔም ለጎልማሶች ማንበብ እያስተማርኩ፣ ለዓመታት ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጥኩት የተቀደደ ገጽ ነበር።

ከመልካ ቁንጡሬ ተነሥተን በዚያው መንገድ ወደ ጢያ ወረድን። በመንገዱ ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ኮረኮንች አለ፤ ወደ አዳዲ ማርያም ይወስዳል። ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። የአገሩ ሰው በላሊበላ ዘመን የተሠራ ነው ይላል። ሰዓት ስላልበቃን አልገባንም። እናንተ ከሄዳችሁ ግን፣ አዳዲ ዛሬም የሚቀደስበት ቤት እንጂ ቤተ መዘክር አይደለም፤ ጫማ አውልቃችሁ ግቡ።

ጢያ በሶዶ ጉራጌ አገር ያለች ትንሽ ከተማ ነች። እዚያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ። 32ቱ የተቀረጸባቸው ናቸው። ዩኔስኮ፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። መልካ ቁንጡሬና ባልጭት የተመዘገቡት ዘግይተው፣ በ2016 ዓ.ም. ነው።

በድንጋዮቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፤ አንዱ ላይ ብዙ፣ ሌላው ላይ ጥቂት። ክብ ነገር አለ፤ እንደ ቅጠል የተዘረጋ ምልክትም አለ። አንዲት እናት ጣታቸውን ወደ ድንጋዩ ቀስረው፣ «ልጄ፣ ይሄ ስንተኛው ፊደል ነው?» አሉኝ። ፊደል በቅርቡ የቆጠሩ ስለሆኑ የተጻፈ ሁሉ የሚነበብ መስሏቸዋል። ፊደል አይደለም። ፊደል ድምፅን ይይዛል፤ «በ» ብላችሁ ስታነቡ ከንፈራችሁ ይገጥማል። ይህ ግን ምልክት ነው። የቀረጹት ሰዎች ያውቁት ነበር፤ ለእኛ ግን ቁልፉን አልተዉልንም።

ታዲያ ስለ ጢያ ስትሰሙ ጆሮአችሁን ከፈት አድርጉ። የሰይፉ ብዛት ሟቹ የገደለው ሰው ብዛት ነው የሚል ትሰማላችሁ። ይህ የሚባል ነገር ነው፤ የተረጋገጠ አይደለም። ድንጋዮቹን «የግራኝ ድንጋይ» የሚሉም አሉ። ግራኝ አሕመድ የተዋጋው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ድንጋዮቹ ግን ከእሱ በፊት የተተከሉ ናቸው። ቁፋሮው ያሳየን ደግሞ ሥራቸው መቃብር መሆኑን ነው። ከተቀበሩት ብዙዎቹ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች ናቸው። ለምን ወጣቶች ሆኑ? ጦርነት ነው? በሽታ ነው? እስካሁን የፈታው ሰው የለም። የሽማግሌን ወግ አትናቁ ስል ግን አደራ እላለሁ፤ ወጉን ወግ ብላችሁ፣ ቁፋሮውን ቁፋሮ ብላችሁ ለየብቻ ያዙት።

መቃብር መሆኑን ከሰሙ በኋላ እኚያ እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆሙ። እኛም አብረናቸው ቆምን።

መሄድ ለምትፈልጉ ጥቂት ልበል። በዝናብ ወራት አትሂዱ፤ የወንዙ ዳር ይጨቀያል። መታወቂያ ያዙ። ውሃና ስንቅ ያዙ። ቢያንስ አሥር ሆናችሁ ብትሄዱ ኪራዩ ይቀላል። በጢያ ድንጋዩ ላይ አትደገፉ፤ ቅርጹ በእጅ ብዛት ይሟሽሻል። በመልካ ቁንጡሬ ጥቁር ድንጋይ ከእግራችሁ ሥር ብታዩ፣ ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ እዚያው ተዉት።

አርሳችሁ፣ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ወይም መሠረት አውጥታችሁ በራሳችሁ መሬት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብታገኙስ? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ፣ ቁጥር 209፣ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። ሥራውን አቁሙ፤ ቦታው ላይ ችካል ትከሉ፤ ለቀበሌ ወይም ለወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤት ተናገሩ። ዛሬ ፊደል ለይታችኋልና በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ቀኑን፣ የቦታውን ስም፣ ያገኛችሁት ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደሆነ። ክንድ ብላችሁ ብትለኩም ይበቃል። እኔ በማሠልጠኛ ሳለሁ ያልጻፍኳት ወረቀት ያቺ ነች።

ደኅና ሁኑ።