አንድ ክር ወይስ ሦስት? የኬልቲክ ቀለበት ንድፍ ሒሳብ

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። በሦስት ክር የተጎነጎነ ንድፍ ቀለበቱን ዙሪያውን ዞሮ ጫፉ ከመነሻው ጋር ሲገናኝ፣ ክሮቹ ሦስት እንደሆኑ ይቀራሉ ወይስ አንድ ይሆናሉ?

ነገሩ ወዲህ ነው። «ኬልቲክ» የሚባለው ጥልፍልፍ ጌጥ በአየርላንድና በስኮትላንድ ጥንታዊ ብራናዎችና የድንጋይ መስቀሎች ላይ በብዛት ይታያል። እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ800 ዓ.ም. ገደማ የተዘጋጀውና ዛሬ ደብሊን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ የተቀመጠው የኬልስ መጽሐፍ ዝነኛው ምሳሌ ነው። በእኛ ብራናዎች ላይ «ሐረግ» የምንለውን ጌጥ ያየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ዛሬ ብዙ ሰዎች በዚህ ስልት የጋብቻ ቀለበት ሲያሠሩ «መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው አንድ መስመር ይሁን» ይላሉ። ይህ ምኞት መሳካት አለመሳካቱን የሚወስነው ግን የሠሪው እጅ ብቻ አይደለም፤ ቁጥር ነው።

በሹሩባ እንሞክረው

ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ክር ከግራ ወደ ቀኝ ደርድሩ። እንደ ሹሩባ፣ የቀኙን በመሀለኛው ላይ አሳልፉ፤ ቀጥሎ የግራውን አዲሱ መሀለኛ ላይ አሳልፉ። ይህን «አንድ አንጓ» እንበለው። አሁን ቅደም ተከተሉ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ ሆኗል። ሁለተኛ አንጓ ስትሠሩ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ ይሆናል። ሦስተኛው ላይ ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል።

ጉንጉኑን አሁን አዙራችሁ ጫፎቹን አገናኙ። የአንጓው ብዛት 3፣ 6፣ 9 ወይም 12 ከሆነ እያንዳንዱ ክር የሚያገኘው የራሱን ጭራ ነው፤ ስለዚህ ሦስት የተለያዩ ክቦች ይወጣሉ። 8 ወይም 10 ከሆነ ግን ቀዩ ከሌላው ቀለም ጋር ይገናኛል፣ ያም ከሦስተኛው ጋር፤ ሁሉም አንድ መስመር ይሆናሉ።

ሕጉ አጭር ነው፦ የመስመሮቹ ብዛት የክሩ ቁጥርና የአንጓው ቁጥር ትልቁ የጋራ አካፋይ ነው። አዎ፣ ያ በትምህርት ቤት «ለምን ይጠቅማል?» ያላችሁት ነገር! 3 እና 9 የጋራ አካፋያቸው 3 ነው፤ 3 እና 10 ግን 1።

ወደ ብሩ ስንመጣ

የቀለበታችሁ የውስጥ ዲያሜትር 18 ሚሊሜትር፣ የብሩ ውፍረት 2 ሚሊሜትር ይሁን። የብሩን ውፍረት መሀል ለመሀል የሚከተለው ክብ ዲያሜትሩ 20 ሚሊሜትር ነው፤ ዙሪያው 20 × 3.14 = 62.8 ሚሊሜትር ይሆናል። ለዓይን የሚያምረው አንጓ 7 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 62.8 ÷ 7 ወደ 9 ይጠጋል። 9 አንጓ ግጥም ብሎ ይገባል ማለት ነው። ግን በ3 ክር ሠርታችሁ ከሆነ «አንድ መስመር» ያላችሁት ቀለበት ሦስት ክብ ሆኖ አረፈው። በዓይን ደግሞ ልዩነቱ ቶሎ አይታወቅም፤ አንዱን መስመር ይዞ በመርፌ ጫፍ መከተል ያስፈልጋል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ሁለት አማራጭ አላችሁ። አንድም አንጓውን ወደ 6.28 ሚሊሜትር አሳጥሮ 10 ማድረግ፣ አሊያም 9 አንጓውን ትቶ ክሩን 4 ማድረግ። የ4 እና የ9 የጋራ አካፋይም 1 ነው።

ልኩ ለምን ይከብዳል?

ተራ ቀለበት ከሰፋ አንጥረኛው ትንሽ ቆርጦ መልሶ ይበይደዋል። ዙሪያውን ንድፍ የሞላበት ቀለበት ላይ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ዲያሜትሩን በ1 ሚሊሜትር ለመቀነስ ከዙሪያው 3.14 ሚሊሜትር መቁረጥ አለበት፤ ይህም የ10 አንጓው ቀለበት ላይ የአንድ አንጓ ግማሽ ነው። ንድፉ መሀሉ ላይ ይሰበራል። «እሺ፣ ሙሉ አንጓ ይውጣ» ብትሉ ደግሞ ቀለበቱ በ2 ሚሊሜትር ከመጥበቡም በላይ 10 የነበረው 9 ይሆናል። አንዱ መስመር ተመልሶ ሦስት ሆነ!

ስለዚህ ከማሠራታችሁ በፊት ጣታችሁን በተለያየ ሰዓት ለኩ። ጣት በሙቀት ያብጣል፣ በብርድ ይቀጥናል። ሰፊ ቀለበት ደግሞ ከቀጭኑ ይልቅ ጠበቅ ያለ ሆኖ ይሰማል። ልኩ ከታወቀ በኋላ ዙሪያውን አስሉ፣ ከዚያ አንጓውን ቁጠሩ፣ በመጨረሻም የጋራ አካፋዩን ፈትሹ። ወረቀት ላይ ስህተት በላጲስ ይጠፋል፤ ብር ላይ ግን እንደገና ማቅለጥ ሊጠይቅ ይችላል።

ለዛሬ የቤት ሥራ፦ በ4 ክርና በ10 አንጓ ስንት መስመር ይወጣል? መጀመሪያ በሒሳብ ገምቱ፣ ከዚያ በክር ሠርታችሁ አረጋግጡ።