ጌጠኛ ኮንክሪትና ውርጭ፦ የግቢን ውበት የሚያጸናው ከውስጥ ያለው ነው

የድንጋይ፣ የጡብ ወይም የእንጨት መልክ ተሰጥቶት በቤት ደጃፍ የሚነጠፍ ጌጠኛ ኮንክሪት በብዙ አገሮች የግቢ ውበት መለያ ኾኗል። መኪና የሚገባበትን መንገድ፣ ቤተሰብ ከቤት ውጭ የሚቀመጥበትን ሥፍራ፣ ከአጥር በር እስከ ቤት ያለውን መተላለፊያ ያስውባል። በረዶ በሚወርድባቸው አገሮች ግን ይህ ውበት ከባድ ፈተና አለበት። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ንጣፍ በአግባቡ ካልተሠራ፣ ጥቂት የበረዶ ወቅቶች ሲያልፉ ፊቱ እንደ ቅርፊት ይላጣል፤ ቀለሙ ይጎድላል፤ ጠጠሩም ይገለጣል። በጥልቀት የተላጠን ንጣፍ ቀለሙንና ቅርጹን ጠብቆ መጠገን እጅግ አስቸጋሪ በመኾኑ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ምርጫ አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው።

ጉዳዩ ለአማርኛ ተናጋሪው ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ ሚኒሶታና ኮሎራዶ፣ በካናዳ ካልጋሪና ኤድመንተን የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቤት ሲገዙ የሚረከቡት ግቢ ይህ ፈተና ያለበት ነው። በአገር ቤትም እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋማ ከተሞች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ውርጭ ይወርዳል። የሁለቱ አካባቢዎች ብርድ ቢለያይም፣ ኮንክሪት የሚጎዳበትን ምክንያት ማወቅ በሁለቱም ዘንድ ገንዘብን ከብክነት ያድናል።

ውርጭን ከማያውቅ ጠረፍ የመጣ ጥበብ

ጌጠኛ ኮንክሪት በልዩ ልዩ መንገድ ይሠራል። በጣም የታወቀው ኮንክሪቱ ገና ሳይደርቅ የድንጋይ ወይም የጡብ ቅርጽ ባለው ማተሚያ ተጭኖ የሚዘጋጀው የታተመ ኮንክሪት ነው። ይህ ዘዴ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ከ1950ዎቹ (እ.አ.አ) ጀምሮ የተስፋፋ ሲኾን፣ ብራድ ቦውማን የተባለ ባለሙያ በጀማሪነት ይጠቀሳል። የካሊፎርኒያ ጠረፍ ብርድ የማይጠናበት በመኾኑ በዚያ የሚሠራ ንጣፍ ዋና ጭንቀቱ መልኩ ነበር። ጥበቡ ወደ ቀዝቃዛዎቹ ግዛቶች ሲሻገር ግን ከመልክ በፊት መታሰብ ያለበት ሌላ ነገር ተከተለው፤ እርሱም ውሃ ነው።

ውርጭ ኮንክሪትን እንዴት ይሰብራል?

ኮንክሪት ለዐይን ጠጣር ቢመስልም ውስጡ ለዐይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ወይም በረዶ ሲቀልጥ ውሃ ወደ እነዚህ ቀዳዳዎች ይሰርጋል። ውሃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቀዳዳው ባዶ ቦታ ካለው በረዶው ወደዚያ ይሰፋል። ከ91 በመቶ በላይ በውሃ ከተሞላ ግን መስፊያ ያጣና ዙሪያውን ይገፋል። ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲስቡትና ሲለጥጡት ግን ደካማ በመኾኑ ከውስጥ የሚመጣውን ግፊት አይችልም። በመኾኑም ደረቅ ኮንክሪትን ብርድ ብቻውን አይሰብረውም፤ የሚሰብረው ውሃ የጠገበውን ነው።

ጉዳቱ በአንድ ሌሊት የሚታይ አይደለም። ውሃው በቀዘቀዘና በቀለጠ ቁጥር ስንጥቁ ጥቂት ጥቂት እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ሳይቀልጥ ለወራት ከሚቆይ ብርድ ይልቅ ቀን እየሟሟ ሌሊት እየቀዘቀዘ የሚመላለስ አየር የበለጠ ይጎዳል። የኮሎራዶዋ ዴንቨር ለዚህ ምሳሌ ናት። በብርዱ ወራት ቀን ፀሐይ በረዶውን ታቀልጣለች፤ ሲመሽ የቀለጠው ውሃ በንጣፉ ውስጥ እንደገና ይጠጥራል።

ከበሬ ሞራ የተገኘ መፍትሔ

በ1930ዎቹ (እ.አ.አ) በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ከተሠሩት የኮንክሪት መንገዶች አንዳንዶቹ ከሌሎቹ በተለየ ኹኔታ በረዶን ተቋቁመው መገኘታቸው የባለሙያዎችን ትኩረት ሳበ። ምክንያቱ ሲመረመር፣ ሲሚንቶው በፋብሪካ ሲፈጭ ሥራውን ለማቅለል የበሬ ሞራ ይጨመርበት እንደነበር ታወቀ። ሞራው በኮንክሪቱ ውስጥ እጅግ ጥቃቅን የአየር አረፋዎችን ፈጥሮ ነበር። ውሃው ሲቀዘቅዝ የሚሸሽበት ቦታ ያገኘው በእነዚህ አረፋዎች ውስጥ ነው።

ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠራው በድብልቁ ውስጥ በጥቂቱ የሚጨመር አየር አስገቢ ኬሚካል ነው። ኬሚካሉ ያልተጨመረበት ኮንክሪት ሲደባለቅ በአጋጣሚ የሚይዘው አየር ከ1 እስከ 2 በመቶ ሲኾን፣ እርሱም ትልልቅና የተራራቀ በመኾኑ ከውርጭ አይከላከልም። በረዶ ባለበት አገር ለደጃፍ ንጣፍ የሚታዘዘው የአየር መጠን እንደ ጠጠሩ ውፍረት ከ5 እስከ 8 በመቶ ነው። አረፋዎቹ እርስ በርስ በ0 ነጥብ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ርቀት እንዲቀራረቡ ይፈለጋል።

ይህ ጥበቃ ዋጋ አለው፤ አየር በጨመረ ቁጥር የኮንክሪቱ ጥንካሬ ይቀንሳል። የሚጎድለው ጥንካሬ የሚካካሰው ውሃን በመቀነስ ነው።

ውሃ፦ ሥራን የሚያቀልል፣ ዕድሜን የሚያሳጥር

ሲሚንቶ ለመጠንከር ውሃ ያስፈልገዋል። ከሚያስፈልገው በላይ የኾነው ውሃ ግን ከጊዜ በኋላ ተንኖ ሲወጣ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። በረዶና ጨው ለሚያገኘው ንጣፍ የውሃው ክብደት ከሲሚንቶው ክብደት 0 ነጥብ 45 እጅ እንዳይበልጥ ይመከራል። ይህም ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ግራም ከረጢት ሲሚንቶ ከ22 ተኩል ሊትር የማይበልጥ ውሃ ማለት ነው። አሸዋው እርጥብ ከኾነ በውስጡ ያለው ውሃም ከዚሁ መቀነስ አለበት።

በዚህ መጠን የተቦካ ኮንክሪት ለመንጠፍ ከበድ ይላል። ስለዚህ ሠራተኞች እንዲቀጥንላቸው ውሃ መጨመር ይቀናቸዋል። አንድ ባልዲ ውሃ ግን ቤቱ ከሚቆጥበው ጉልበት ይልቅ ከንጣፉ ዕድሜ የሚቆርጠው ይበልጣል። ድብልቁን ማለስለስ ካስፈለገ ውሃ ሳይጨመር ይህንኑ የሚያደርጉ ኬሚካሎች አሉ።

ከሥር ያለው መሬት

የሚኒሶታ የግንባታ ሕግ የቤት መሠረት ውርጭ ከሚደርስበት በታች እንዲወርድ ያዝዛል፤ ይህም በግዛቱ ደቡብ 107 ሴንቲ ሜትር፣ በሰሜን 152 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የደጃፍ ንጣፍ ግን ይህን ያህል ጥልቅ መሠረት አይኖረውም፤ መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከላይ ተንሳፎ ይቀመጣል። ደቃቅና ውሃ የሚይዝ አፈር ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ውሃ እየሳበ የበረዶ ንብርብር ይሠራል፤ ንጣፉንም ወደ ላይ ያነሳዋል። በየቦታው የሚነሳው መጠን እኩል ባለመኾኑ ንጣፉ ይሰነጠቃል።

መከላከያው ልል አፈሩን አውጥቶ ውሃ በሚያሳልፍ ጠጠር መተካትና በደንብ መጠቅጠቅ ነው። የኮንክሪቱ ውፍረት ለቤት መኪና ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከበድ ያለ ተሽከርካሪ የሚገባ ከኾነ ከዚያ በላይ ይደረጋል። ውሃ እንዳይተኛበት በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከቤቱ ርቆ እንዲያዘቀዝቅ ይኾናል። ኮንክሪት ሲደርቅ ስለሚሸማቀቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ስንጥቁ በተፈለገው መሥመር እንዲኾን ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ባለው ርቀት የውፍረቱን ሩብ የሚያህል መቁረጫ መሥመር ይወጣለታል። በታተመ ኮንክሪት ላይ መሥመሩ ከጡቡ ወይም ከድንጋዩ ቅርጽ ጋር ተገጣጥሞ ከወጣ ውበቱን አያጎድልም።

ጌጡ ሲሠራ የሚፈጸም ስሕተት

አብዛኛው መላጥ የሚመጣው ከላይኛዎቹ ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ድክመት ነው። ኮንክሪት ከተነጠፈ በኋላ ውሃ ወደ ላይ ያዣል። ይህ ውሃ ሳይተን ፊቱን ማለስለስ፣ ወይም ማተሚያው እንዲንሸራተት ውሃ መርጨት፣ ከላይ ያለውን ሽፋን ቀጭንና ደካማ ያደርገዋል። ውርጭ በመጀመሪያ የሚያገኘው ደግሞ ይህንኑ ሽፋን ነው። እንደ ቤት ውስጥ ሊሾ እስኪያብረቀርቅ ማሸትም በውስጡ ያሉትን አረፋዎች ያበላሻል፤ ሲረጥብም ያንሸራትታል።

ከዚህ አንጻር ለብርድ አገር ቀለል ያሉት ጌጦች የተሻለ ይጸናሉ። በመጥረጊያ የተሰመረ፣ ወይም ፊቱ ታጥቦ ጠጠሩ እንዲታይ የተደረገ ንጣፍ እግር ይይዛል። ጠጠሩ እንዲታይ ሲደረግ ግን ጠጠሩ ራሱ ውሃ የማይመጥና ጠንካራ መኾን አለበት። ቀለም የሚፈለግ ከኾነ ከድብልቁ ጋር የሚቦካ የብረት ኦክሳይድ ቀለም ይመረጣል፤ ፊቱ ቢፋቅ እንኳ ከሥሩ ያለው ያው ቀለም ነው። በብርድ ጊዜ ቶሎ እንዲጠነክር ካልሲየም ክሎራይድ መጨመር ቀለሙን ስለሚያዥጎረጉር ለባለ ቀለም ኮንክሪት አይመከርም።

ሥራው ሲያልቅ የሚቀባው ማሸጊያም ይለያያል። ላዩን እንደ ላስቲክ የሚሸፍነው ቀለሙን ቢያደምቅም ያንሸራትታል፤ በየጊዜውም መታደስ ይፈልጋል። ወደ ውስጥ ሰርጎ ውሃን የሚገታው መልኩን ብዙም ሳይለውጥ እርጥበቱ በትነት እንዲወጣ ይፈቅዳል።

ጨውና ማዳበሪያ

በረዶን ለማቅለጥ የሚበተን ጨው ንጣፉ ውሃ እንዲጠግብ፣ ደጋግሞም እንዲቀልጥና እንዲቀዘቅዝ ያደርጋል። ስለዚህ በመጀመሪያው የበረዶ ወቅት ጨው ሳይጠቀሙ በረዶውን በአካፋ መጥረግና ለመርገጫ አሸዋ መበተን ይመከራል። ንጣፉ ከበረዶው ወራት ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ መሠራት የሚኖርበትም በዚሁ ምክንያት ነው። አሞኒየም ናይትሬትና አሞኒየም ሰልፌት ያለባቸው ማዳበሪያዎች ደግሞ ኮንክሪትን በኬሚካል ይበሉታል። ለበረዶ ማቅለጫነት ሊውሉ አይገባም፤ አርሶ አደሩም እነዚህን በእርጥብ የኮንክሪት ወለል ላይ ተበትነው እንዳይቆዩ ማድረግ ይገባዋል።

በደጋማው ኢትዮጵያ የሚለየውና የሚመሳሰለው

በደብረ ብርሃንና መሰል ደጋማ ቦታዎች ውርጭ የሚወርደው ዝናብ ባበቃበት በደረቁ ወቅት ነው። ያን ጊዜ የጠነከረው ኮንክሪት ደርቋል፤ ስለዚህ በሚኒሶታ የሚታየው መላጥ እዚህ የተለመደ አይኾንም። ጥንቃቄ የሚሹት ሁልጊዜ የሚረጥቡት የቧንቧ ሥር፣ የከብት ማጠጫና የጣሪያ ውሃ መውረጃ ናቸው።

ትልቁ ስጋት ያለው አዲስ በተነጠፈው ላይ ነው። ሙቀቱ ከ4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ የሲሚንቶ መጠንከር በእጅጉ ይዘገያል። በመጀመሪያው ሌሊት ከቀዘቀዘ ደግሞ ያጣውን ጥንካሬ መልሶ አያገኘውም። በውርጭ ወራት የሚሠራ ሰው ጧት ነጥፎ ኮንክሪቱ የቀኑን ፀሐይ እንዲያገኝ፣ ሲመሽ በላስቲክ ሸፍኖ ከላዩ ጭድ እንዲያለብሰው ይገባል። የደጋ ፀሐይና ነፋስ ቶሎ ስለሚያደርቁት ለ7 ቀናት እርጥበቱ ሊጠበቅለት ይገባል፤ ውሃው የሚጠጣው ግን ረፋድ ላይ እንጂ ወደ ሌሊት አይደለም።

በረዶ መሬቱን በማያነሳበት አገር ያንን የሚያደርገው ዋልካ አፈር ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ከላዩ የተነጠፈውንም አብሮ ያነሳል፣ ይጥላል። ዋልካውን አውጥቶ በጠጠር መተካት ከማንኛውም ቀለምና ቅርጽ ይቀድማል። ይህን ማድረግ ካልተቻለ ጌጠኛ ድንጋይ የተሻለ ምርጫ ነው፤ መሬቱ ቢንቀሳቀስ የተነሳውን አውጥቶ መልሶ መደርደር ይቻላልና።

ከክፍያ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው

ግቢውን ሊያሠራ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ከቀለምና ከቅርጽ ናሙና ነው። ውል ከመግባቱ በፊት ግን ለሠሪው ጥቂት ጥያቄዎችን ማቅረብ ይኖርበታል። ከሥር ምን ያህል አፈር ይወጣል? በምንስ ይተካል? ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ስንት ሊትር ውሃ ይገባል? ውሃው ወደ የት ያዘቀዝቃል? ለ7 ቀናት ማን ይከታተለዋል? በብርድ አገር የሚኖር ከኾነ ደግሞ የአየሩ መጠን ስንት በመቶ እንደኾነ ይጠይቅ፤ ኮንክሪቱ ተቦክቶ በመኪና ሲመጣም የማስረከቢያ ሰነዱ ላይ ይመልከተው። ለእነዚህ በቁጥር መልስ የሚሰጥ ባለሙያ ከተገኘ፣ ቀለሙንና ቅርጹን ከዚያ በኋላ መምረጥ ይቻላል።