እበት ወርዶ ሰሊጥ እስኪጫን

ከደጋው ሰንጋ ጭኖ ሱዳን ድንበር ላይ ያለችው መተማ ዮሐንስ የደረሰ አይሱዙ ከብቱን ሲያራግፍ ካሶኒው ላይ የሚቀረው የተረገጠ እበት ነው። ሾፌሩ ባዶውን ወደ ጎንደር መመለስ አይፈልግም፤ ነዳጁን ማን ይከፍለዋል? ደላላው ሰሊጥ አገኘሁ ይለዋል። ሰሊጥ ግን ሽታ ይይዛል፣ እርጥበትም አይወድም። እበት በሚሸት ካሶኒ ላይ ጆንያውን የሚያስጭን ነጋዴ የለም። ስለዚህ መኪናው ከአንዱ ጭነት ወደ ሌላው የሚሻገረው በላቫጆ፣ በመኪና ማጠቢያው በኩል ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ጎማ ቦት ያደረጉ ሁለት ሦስት ወጣቶች ካሶኒው ላይ ይወጣሉ። መጀመሪያ አካፋ፣ ቀጥሎ መጥረጊያ፣ ውሃው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እበቱን በውሃ ለማውረድ የሞከረ ሮቶውን በአንድ መኪና ይጨርሳል። ከዚያ ፓምፑ ይነሳል፣ የጣውላው ስንጥቅ ሁሉ ይፈተሻል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት 40 ዲግሪ በሚያልፈው የቆላ ሙቀት ሳሙናው ሳይለቀለቅ ስለሚደርቅ መኪናውን በክፍል በክፍል ከፍሎ ማጠብ የግድ ነው። ያው ፀሐይ መልሶ ይክሳል፤ የታጠበውን ጣውላ ቶሎ አድርቆ ለጆንያ ያዘጋጀዋል።

በአዲስ አበባ መኪና ማሳጠብ ለብዙ ሰው የቅዳሜ ጠዋት ጉዳይ ነው። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ግን ለጭነት መኪና እጥበት ከነዳጅና ከጎማ ተርታ የሚገባ የጉዞ ወጪ ነው። የመልስ ጭነት ያስገኛልና።

ላቫጆዎች ለምን በዙ ለሚለው መልሱ ከመተማ ሰፋ ይላል። ለመጀመር ብዙ አይጠይቅም፤ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ፓምፕ፣ ቱቦ፣ ጄነሬተር፣ ከመንገድ ዳር ቁራሽ መሬት። ለዚህም ነው ከተሞች ሥራ አጥ ወጣቶችን በማኅበር ሲያደራጁ የመኪና እጥበት ከዝርዝሩ የማይጠፋው። በ2009 ዓ.ም መንግሥት የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲያቋቁም የታሰበውም ይህን መሰል አነስተኛ ሥራ ነበር። በሌላ በኩል መኪና ራሱ ተወዷል። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ሲከለከል፣ በ2016 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ፣ ያለ መኪና ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ። ባለቤቱም መኪናውን እንደ ቁጠባ ደብተር ማየት ጀመረ፤ ጭቃ ተሸክሞ እንዲዝግ አይተወውም።

በር የሌለው ቤት ግን ሁሉም ይገባበታል። አንዱ ላቫጆ ሲያተርፍ ከአጠገቡ ሁለተኛው ይከፈታል፣ ሦስተኛው ዋጋ ይሰብራል። የሚለያያቸው ውሃ አያያዛቸው ነው። በደቂቃ 12 ሊትር የሚተፋ የግፊት ፓምፕ ለ25 ደቂቃ ቢሠራ 300 ሊትር ይጨርሳል። በደቂቃ 20 ሊትር የሚያፈስ ክፍት ቱቦ ግፊት ስለሌለው ያንኑ ካሶኒ ለማጽዳት 40 ደቂቃ ቢፈጅ 800 ሊትር ይወስዳል። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ለመጀመሪያው ስድስት መኪና ያጥባል፣ ለሁለተኛው ሁለት ተኩል። ውሃ በጋሪና በቦቴ በሚገዛበት ቀን ትርፍና ኪሳራውን የሚለየው ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ወቅቱ ነው። ሰሊጥ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይሰበሰባል፤ ጥጡና ማሽላው ይከተላል። ያኔ ከቋራና ከምዕራብ አርማጭሆ ሳይቀር መኪና ይተምማል፣ ገንዳ ውሃም መተማ ዮሐንስም ወረፋ ይሆናሉ። ክረምት ሲገባ የዋልካው አፈር ጎማ ይውጣል። ከአስፋልቱ ወጥቶ እርሻ የሚደርስ ትራክተር ብቻ ነው። መኪና በጣም የሚቆሽሽበት ወር መኪና የሚጠፋበት ወር መሆኑ የዚህ ሥራ ቀልድ ነው።

ለስሌት ያህል አንድ ላቫጆ እናስብ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። አንድ ጭነት መኪና በ400 ብር ያጥባል እንበል። የውሃው፣ የነዳጁና የአጣቢዎቹ ድርሻ ሲነሳ 150 ብር ይተርፈዋል። መኪና መጣም አልመጣም ለቦታ ኪራይ፣ ለጥበቃና ለብድር በቀን 1,200 ብር ይወጣበታል። ስለዚህ ስምንት መኪና ካላጠበ ከስሯል። ለ90 የሰሊጥ ቀናት በቀን 20 መኪና ቢያጥብ 162,000 ብር ያገኛል። በቀሪዎቹ 210 የሥራ ቀናት በቀን አራት አራት ቢያጥብ 126,000 ብር ያጣል። ዓመቱ ሲዘጋ በእጁ 36,000 ብር አለ። በወር 3,000 ብር መሆኑ ነው።

ታዲያ በምን ይኖራል? በሚጠብቀው ሾፌር። መኪናው እስኪታጠብ ግራሶ ይደረጋል፣ ዘይት ይቀየራል፣ ጎሚስታው ጎማ ይለጥፋል፣ ጥላው ሥር ጀበና ተጥዷል፣ የጉምሩክ ወረቀቱ ያላለቀለት ደግሞ መኪናውን እዚያው ከፍሎ ያሳድራል። ግራሶና ማሳደሪያ ውሃ አይፈጁም። ላቫጆ እጥበቱን እንደ ማጥመጃ አድርጎ ትርፉን ከጎኑ ይለቅማል ቢባል ስህተት አይሆንም። በአሜሪካ በ2021 እ.ኤ.አ አክሲዮኑን ለገበያ ያቀረበው ሚስተር ካር ዋሽ የሚባለው ኩባንያ ከገቢው ግማሽ በላይ የሚሰበስበው በየወሩ እየከፈሉ የፈለጉትን ያህል ከሚያሳጥቡ ደንበኞች ነው፤ ዝናብ ዘነበም አልዘነበም ገንዘቡ ይገባል። ድንበር ላይ ያለ ሾፌር ግን በሚቀጥለው ወር የት እንደሚሆን ስለማያውቅ ለወሩ ቀድሞ አይከፍልም። መተማ ውስጥ የሚሸጠው የሾፌሩ የዛሬ ቆይታ ነው።

የዛሬው ቆይታ ደግሞ በድንበሩ እጅ ነው። አንድ ወቅት ቤንዚን ከሱዳን በመተማ በኩል በቦቴ ይገባ ነበር፤ ያ ቀርቷል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በዚሁ በር ብዙ ሺህ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ የጭነት መኪና ሲቀንስ የእርዳታ ድርጅቶች ላንድክሩዘር በረከተ። በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ተቀስቅሶ ከአዘዞ የሚመጣው መንገድ ራሱ አስጊ ሆነ። ከድንበሩ ማዶ ገላባት ላይ በሩ ሲዘጋ መተማ ላይ ፓምፑ ይቆማል። የምሳሌያችንን ላቫጆ የ1,200 ብር የቀን ወጪ ግን ማንም አይዘጋለትም።

እዚህ ላይ የግብር ነገር ይመጣል። በ2009 ዓ.ም ግብር ሰብሳቢው ያወጣው የነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት በየከተማው ያስነሳው ቅሬታ አይረሳም። በ2017 ዓ.ም መጨረሻ የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ ደረጃ «ሐ» የሚባለውን የትንንሽ ግብር ከፋዮች መደብ አስቀርቶ አነስተኛ ነጋዴዎች በዓመታዊ ሽያጫቸው ላይ ተመሥርተው እንዲከፍሉ አድርጓል። ለሱቅ ይህ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ወቅት ለሚያነሳውና ለሚጥለው ላቫጆ ግን ሽያጭና ትርፍ የተራራቁ ናቸው። የምሳሌያችን ላቫጆ ዓመታዊ ሽያጭ 1,056,000 ብር ነው። በዚህ ላይ 3 በመቶ እንኳ ቢጣል 31,680 ብር ይሆናል፤ ከእጥበቱ የተረፈው 36,000 ብር ወደ 4,320 ይወርዳል። ገማቹ በኅዳር ወረፋ መሃል መጥቶ 20 መኪና ቆጥሮ በ300 ቀን ቢያባዛ ደግሞ ሽያጩን 2,400,000 ብር ያደርሰዋል፤ ከእውነተኛው ከእጥፍ በላይ ነው።

ላቫጆዎቹም ንጹሐን አይደሉም። የሞተር ዘይትና ግሪስ የተቀላቀለው እጣቢ በየቦዩ ወርዶ መድረሻው የጓንግ ወንዝ ነው፤ ጓንግ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፣ ከብቱም ሰውም ይጠጣዋል። አዲስ አበባ በ2017 ዓ.ም የወንዝ ብክለትን የሚቀጣ ደንብ አውጥታለች። ቆላው ላይ የእጣቢውን ዘይት አስቀርቶ ውሃውን የሚያሳልፍ ጉድጓድ መቆፈር የጥቂት ቀን ጉልበትና የሲሚንቶ ጉዳይ ነው፤ ማኅበራቱን የሚያደራጀው አካል ቦታ ሲሰጥ ይህን ቢጠይቅ ብዙ አይከብድም።

የገቢዎች ባለሙያዎችም ለመተማና ለገንዳ ውሃ ላቫጆዎች ግምት ሲያወጡ በኅዳር ብቻ ሳይሆን፣ ዋልካው ጎማ በሚውጥበት በነሐሴም አንድ ቀን ብቅ ብለው ይቁጠሩ።