የላሟን በሽታ ላቦራቶሪው የሚያውቀው መቼ ነው?

የምትታለብ ላም ጡቷ ሲያብጥና ወተቷ ውስጥ የረጋ ቁርጥራጭ ሲታይ ለአርቢው በሽታው አንድ ነው፤ የጡት በሽታ። ከእብጠቱ በስተጀርባ ያለው ባክቴሪያ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲኤ ከላም ወደ ላም የሚሻገረው በአላቢው እጅና በመጥረጊያው ጨርቅ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በፔኒሲሊን ይሸነፋል። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስም የሚተላለፈው በዚያው መንገድ ነው፤ ነገር ግን ጡቱ ውስጥ ዘልቆ ይደበቃል፣ ብዙዎቹ ዝርያዎቹም ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም ያመነጫሉ። ኢ. ኮላይ ደግሞ ከፋንድያና ከረጠበ መኝታ የሚመጣ ነው፤ ፔኒሲሊን አያሸንፈውም፤ በረቱ ካልደረቀም ተመልሶ ይመጣል። ሦስቱን በዓይን መለየት አይቻልም። የሚለያቸው ላቦራቶሪ ነው፤ ይህን ማድረግ መቻል አለመቻሉ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ናሙናው ከበሩ ሳይደርስ፣ ገና እዚያው በረቱ ውስጥ ነው። በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ የሆነችው አገራችን የእንስሳት ምርመራዋን ለማጠናከር ስታስብ በቅድሚያ ልትመለከት የሚገባት ከማሽኑ በፊት ይህንን የመንገዱን መጀመሪያ ነው።

የወተቱን ናሙና ጉዞ እንከተል። ናሙና የሚወስደው ባለሙያ የጡቶቹን ጫፍ 70 በመቶ በሆነ አልኮል በተነከረ ጥጥ ያጸዳል። ሲያጸዳ ከእሱ ራቅ ካሉት ጡቶች ይጀምራል፤ ወተቱን ሲወስድ ግን ከቅርቦቹ ይጀምራል፤ ያጸዳውን ጫፍ ክንዱ መልሶ እንዳይነካው ነው። የመጀመሪያዎቹን እልቦች ይደፋል፤ ከጀርም የጸዳውን ብልቃጥ ፍግ እንዳይገባበት አዘንብሎ ይዞ ጥቂት ሚሊ ሊትር ያልብበታል፤ ወዲያው በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ላቦራቶሪው ከዚህ ወተት 0.01 ሚሊ ሊትር ብቻ በቀጭን የሽቦ ቀለበት አንሥቶ የበግ ደም በተቀላቀለበት፣ አጋር በተባለ የማብቀያ ሳህን ላይ ይስለዋል፤ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያቆየዋል። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ከበቀለ ክብ ክብ ሆኖ፣ አንዳንዴም ወርቃማ ቢጫ ቀለም ይዞ ይታያል፤ በዙሪያው ያለው ደም ሟሙቶ የጠራ ቀለበት ይሠራል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ይደፍቃል፤ ስትሬፕቶኮከስ አይደፍቅም። ከጥንቸል ፕላዝማ ጋር ሲቀላቀል ፕላዝማውን ያረጋዋል፤ አብዛኞቹ ወንድሞቹ ይህን አያደርጉም። በአንድ ሳህን ላይ ሦስትና ከዚያ በላይ ዓይነት ባክቴሪያ ተደባልቆ ከበቀለ ግን ላቦራቶሪው ናሙናው ተበክሏል ብሎ ይጥለዋል። ያ ሳህን የሚናገረው ስለ ላሟ ሕመም ሳይሆን ስለ ናሙና ወሳጁ እጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ውድ ማሽን ቢመጣ የጠፋውን አይመልሰውም።

“ምንም አልበቀለም” የሚለው ውጤትም እንዲሁ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ላሟ ከናሙናው በፊት አንቲባዮቲክ ተወግታ ከሆነ በሽታው ውስጧ እያለ ሳህኑ ባዶ ሊወጣ ይችላል። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ አንድ ቀን ከወተቱ ጋር ወጥቶ በማግስቱ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ አንድ ባዶ ሳህን ላሟ ከበሽታው ነጻ ለመሆኗ ማስረጃ አይሆንም። ማይኮፕላዝማ የተባለው ሌላው ባክቴሪያ ደግሞ በተለመደው ማብቀያ ላይ ጨርሶ አይበቅልም።

የአባ ሰንጋ ጉዳይ ሲሆን የናሙናው ነገር የከብት ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ጥያቄ ይሆናል። ደህና የነበረ በሬ በድንገት ወድቆ ከሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ጥቁር ደም ከወጣ፣ በድኑ መከፈት የለበትም። ባክቴሪያው በተዘጋ በድን ውስጥ ስፖር አይሠራም፤ ሲከፈትና አየር ሲነካው ግን ይሠራል፤ ስፖሩም በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ሮበርት ኮህ ይህን የሕይወት ዑደት በ1876 (እ.ኤ.አ.) ካሳየ ወዲህ የናሙናው ሕግ ግልጽ ነው፦ ከጆሮ ደም ሥር ጥቂት ደም በጓንት መውሰድ፣ በስላይድ ላይ በስሱ መቀባት፣ ማድረቅ። ቅቡ ሜቲሊን ብሉ በተባለው ቀለም ሲነከር ጫፋቸው የተቆረጠ ሰማያዊ ዘንጎች በሐምራዊ ሽፋን ተከበው፣ ተያይዘው ይታያሉ። ሽፋኑን በዚህ መንገድ መለየት ከ1903 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የሚጠይቀውም አንድ ማይክሮስኮፕና የደቂቃዎች ሥራ ነው። ጠላቱ መዘግየት ነው። በድኑ ፀሐይ ላይ ከዋለ ካደረ የብስባሽ ባክቴሪያዎች ይወርሩታል፣ ሽፋኑም ይደበዝዛል። ሊሞት የተቃረበን ከብት አርዶ ሥጋውን መከፋፈል ከድህነት የሚመጣ ነውና አርቢውን ከመውቀስ ይልቅ መልሱን ሥጋው ሳይከፋፈል ማድረስ ነው የሚበጀው፤ ያን የሚያደርሰውም በወረዳው ክሊኒክ ያለ ማይክሮስኮፕ ነው።

ልምድ ያለው የእንስሳት ሐኪም ምልክቱን አይቶ ያውቃል፣ ላቦራቶሪ ለምን አስፈለገ የሚሉ አሉ። ልምዱ እውነት ነው፤ እንዲያውም ላቦራቶሪው ያለ እሱ ዕውር ነው። በናሙናው ቅጽ ላይ “የታመመች ላም” ብቻ ከተጻፈ ቴክኒሻኑ የተለመደውን ማብቀያ ይጠቀማል። የአባ ጎርባ ባክቴሪያ ኦክስጅን ባለበት አይበቅልም፤ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ለመብቀል ሳምንታት ይፈልጋል፤ የሚያስወርደው ብሩሴላ ደግሞ ሳህኑን በግዴለሽነት የከፈተውን ቴክኒሻን ራሱን ሊያሲዝ ይችላል። ስለዚህ የሐኪሙ ጥርጣሬ በቅጹ ላይ መስፈሩ የምርመራው ግማሽ ነው። ሆኖም ጥርጣሬ ፍርድ አይደለም። ላም ያስወረደችው በብሩሴላ ይሁን በሌላ ምክንያት በዓይን አይታወቅም። አንድ ጠብታ ሰረም ከአንድ ጠብታ ሮዝ ቀለም ካለው አንቲጅን ጋር ተቀላቅሎ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሲጓጉል ግን ለአርቢው ቤተሰብ ጭምር የሚሆን ማስጠንቀቂያ ይገኛል፤ ጥሬ ወተቱን መጠጣቱንና የወጣውን ሽል በባዶ እጅ መንካቱን እንዲያቆሙ። ቀደም ብላ የተከተበች ላም ይህንኑ ምልክት ልታሳይ ስለምትችል ቅጹ ላይ የክትባቱ ታሪክም ያስፈልጋል፤ ውጤቱም በሌላ ምርመራ ይረጋገጣል።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፦ ውጤቱ እስኪመጣ ላሟ ትሞታለች፣ ወጪውም ከአርቢው አቅም በላይ ነው። ሕክምናው ይቆይ ግን ማንም አላለም። ናሙናው ከመርፌው በፊት ይወሰድ ነው፤ ይህም ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል። ባክቴሪያው በየትኛው መድኃኒት እንደሚሸነፍ የሚያሳየው ምርመራ ውጤት በሦስተኛው ቀን ገደማ ሲመጣ፣ አንቲባዮቲክ ውስጥ በተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ዙሪያ ባክቴሪያው ያልበቀለበት ስፍራ በሚሊ ሜትር ተለክቶ፣ ለምሳሌ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ይታወቃል። ለታመመችው ላም ዘግይቶ ቢደርስ እንኳ አጠገቧ ለታሰሩት ይደርሳል። ወጪውም እያንዳንዷን ላም በመመርመር አይለካም፤ በ1957 (እ.ኤ.አ.) የተዋወቀው የካሊፎርኒያ የጡት ምርመራ በአንድ የፕላስቲክ ገበታና በርካሽ ፈሳሽ የትኛው ጡት እንደተቆጣ እዚያው በረቱ ውስጥ ያሳያል። የባክቴሪያውን ማንነት አይናገርም፤ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ያለበትን ወተት ግን ይመርጥልናል።

ባክቴሪያውን በዘረመሉ የሚለየው የፒሲአር ምርመራ ይህን ሁሉ ያስቀራል የሚለውም ተስፋ መሠረት አለው። ፈጣን ነው፣ ለመብቀል አስቸጋሪ የሆኑትንም ያገኛል። ነገር ግን የሞተውንም ባክቴሪያ ዘረመል ያነሣል፤ ሕያው ባክቴሪያ በእጅ ካልገባ ደግሞ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው በወረቀቶቹ ዙሪያ መለካት አይቻልም። የተበከለ ወተትም ለፒሲአር ያው የተበከለ ወተት ነው። ሰበታ ላይ ብሔራዊ፣ በኮምቦልቻ፣ በባሕር ዳር፣ በአሰላና በበደሌ ደግሞ ክልላዊ ላቦራቶሪዎች አሉ። እነዚህ ከወረዳ ክሊኒኮች ጋር የሚገናኙበት ክር በረዶ ያለበት ሳጥን፣ የስዋብ ማጓጓዣ፣ በሙሉ የተሞላ ቅጽና ነዳጅ ነው፤ ከዚያም የመልሱ ጉዞ። የተጣለ ናሙና ለምን እንደተጣለ ለላከው ባለሙያ በዚያው ቀን በስልክ ቢነገረው፣ ወደ በረቱ ተመልሶ ላሟ መድኃኒት ሳትወጋ ሌላ ብልቃጥ መሙላት ይችላል።