“ጤዛ”፦ ካሜራ የሌለበት ክትትል

እ.ኤ.አ በ2008 በተካሄደው የዱባይ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል አንድ የኢትዮጵያ ፊልም በሙዚቃው ተሸልሟል። ፊልሙ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ “ጤዛ” ሲሆን፣ ሙዚቃውን ያቀናበሩት ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆርጋ መስፍንና ትውልደ ሕንዳዊው አሜሪካዊ ፒያኒስት ቪጄይ አይየር ናቸው። ፊልሙ በዚያው ዓመት በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ፣ ወስዷል።

ዛሬ በኢንተርናሽናል ሲቲ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከቤቱ ወጥቶ ድራጎን ማርት ደርሶ እስኪመለስ በስንት ካሜራ ፊት እንደሚያልፍ አይቆጥርም። የዱባይ ፖሊስ እ.ኤ.አ በ2018 ይፋ ያደረገው የካሜራ መርሐ ግብር ስሙ ራሱ “ዑዩን”፣ ማለትም “ዓይኖች” ነው። በዘመናችን ክትትል ሲባል ቀድሞ ወደ ሐሳብ የሚመጣው መሣሪያ ነው። በ“ጤዛ” ውስጥ ግን የሚያየውም የሚያዳምጠውም ሰው ነው።

ባለታሪኩ አንበርብር በጀርመን የሕክምና ሳይንስ ተምሮ ሀገሩን ሊያገለግል በደርግ ዘመን ይመለሳል። በሥራ ቦታው በተናገረው ቃል ምክንያት በስብሰባ ፊት ራሱን እንዲወቅስ ይገደዳል። የቅርብ ጓደኛው ተስፋዬ ደግሞ በአብዮቱ ስም በተነሡ ሰዎች እጅ ይገደላል።

ይህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ነዋሪውን በቀበሌ አደራጅቶ ነበር። ቤት እንዲያከራይና አነስተኛ ክርክር እንዲዳኝ የተቋቋመው ቀበሌ በቀይ ሽብር ወቅት የአብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ ታጥቀው የሚወጡበት፣ ሰው የሚታሰርበት ሆነ። በማን ቤት እንግዳ እንዳደረ፣ የማን ልጅ አምሽቶ እንደገባ ይጠየቅ ጀመር። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ቡና መጠጣቱን ሳያቋርጥ ቃሉን መምረጥ ያዘ። በሱረቱል ሑጁራት የሰውን ነውር መሰለል መከልከሉን ለሚያውቅ አንባቢ፣ የዚህ በደል ክብደት ማብራሪያ አያሻውም።

በ2006 እ.ኤ.አ የወጣው የጀርመኖች ፊልም “የሌሎች ሕይወት” ከዚህ ጋር ቢነጻጸር መልካም ነው። በዚያ ፊልም የምሥራቅ ጀርመን የስለላ ድርጅት፣ የሽታዚ፣ መኮንን ጣሪያ ሥር ተቀምጦ የአንድ ጸሐፊን ቤት በማዳመጫ ይከታተላል፤ እያዳመጠም ልቡ ይራራል። (የደርግን የደኅንነት ሰዎች ካሠለጠኑት አንዱ ይኸው ሽታዚ እንደነበር ልብ ይሏል።) በ“ጤዛ” እንዲህ ያለ መጽናኛ የለም። ከሳሹ ተከሳሹን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ አብሮት ሠርቷል፣ አብሮት በልቷል። በእኔ ግምት የኃይሌ ፊልም የበለጠ የሚያስፈራው በዚህ ነው። ዛሬ በስልክ ቡድን ውስጥ ለወዳጅ የተጻፈን ቃል ስክሪንሾት አንሥቶ ለሌላ የሚያሻግር እጅም ዝምድናው ከማዳመጫው ይልቅ ከዚያ ጎረቤት ጋር ነው።

ስደትም መጠለያ አልሆነም። ዳግም ወደ ጀርመን የሄደው አንበርብር በዘረኞች ተደብድቦ አንድ እግሩን ያጣል። ትዝታው ተቆራርጦ በጣና ሐይቅ አጠገብ ወደሚገኘው የትውልድ መንደሩ ሲመለስ፣ ወታደሮች ለጦርነት የሚታፈሱ ወጣቶችን እያሳደዱ፣ ልጆች በዋሻ ተሸሽገው ያገኛቸዋል። ፊልሙ 140 ደቂቃ ይፈጃል፤ ዘመናትን ወደፊትና ወደኋላ እየዘለለ ስለሚተርክ በአንድ እይታ ሁሉንም ማገናኘት ያስቸግራል። የአንበርብር አእምሮ የሚሠራው ግን ልክ እንደዚሁ ነው፤ ዳይሬክተሩ ታሪኩን በቀጥታ መሥመር ቢያስኬዱት ኖሮ ሕመሙ በጠፋ ነበር።

የጎንደር ተወላጁ ፕሮፌሰር ኃይሌ በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለበርካታ ዓመታት አስተምረዋል። ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት የሚገኘው፣ በ1993 እ.ኤ.አ በሠሩት ፊልም ስም “ሳንኮፋ” የተባለው የመጻሕፍትና የፊልም መደብርም የእርሳቸውና የባለቤታቸው ነው።