ጉድለቱም ጭምር

ሲሙሌተር በሚባለው የኮምፒዩተር የበረራ መለማመጃ ውስጥ አሮጌ የጦር አይሮፕላን እንደገና የሚሠሩ ሰዎች አብዝተው የሚቸገሩት በመልኩ አይደለም። ቀለሙንና የክንፉን ቅርፅ ከፎቶግራፍና ከፋብሪካ ንድፍ መቅዳት ይቻላል። ጭንቁ ጠባዩ ነው።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1940 አገራቸውን የተከላከሉበትን ስፒትፋየር እንመልከት። መርሊን የተባለው ሞተሩ ቤንዚን የሚያገኘው በካርቡራቶር ስለ ነበር፣ አብራሪው አፍንጫውን በድንገት ወደ ታች ሲደፋው ቤንዚኑ ወደ ላይ ይሸሽና ሞተሩ አንገራግሮ ኃይሉን ያጣል። የጀርመኑ ሜሰርሽሚት 109 ግን ቤንዚኑ በፓምፕ ግፊት በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጭለት በመሆኑ፣ ቁልቁል ተወርውሮ ያመልጠዋል። እንግሊዛዊውም ሌላ መላ ቢያጣ አይሮፕላኑን በጀርባው ገልብጦ ይከተለው ነበር። በ1941 ቢያትሪስ ሺሊንግ የተባሉት ሴት መሐንዲስ መካከሏ የተበሳ ትንሽ የብረት ቀለበት በቤንዚኑ መንገድ ላይ አስገብተው ችግሩን አቃለሉት።

እንግዲህ የ1940ውን ስፒትፋየር የሚሠራ ሰው ይህችን ቀለበት ማስገባት የለበትም። ተጫዋቹ «ሞተሩ ለምን ይጠፋብኛል?» ብሎ ማማረሩ አይቀርም። ለእርሱ ሲባል ጉድለቱን ማረም እጅግ ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን እነዚያ አብራሪዎች በጀርባቸው የተገለበጡበት ምክንያት አብሮ ይጠፋል።